ፖስተሩ ላይ ያለችው ሴት

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያደረገችው ንግግር



ሰብሳቢያችን «ስለ ሥራሽ አጫውቺን» ስትለኝ የትኛውን ልናገር ብዬ አሰብሁ። እንደምታውቁት እኔ የምኖረው በሠርግ ካርድ፣ በሱቅ ታፔላና በመድኃኒት ቤት ባነር ነው። የውጭ አገር የፊልም ፌስቲቫል ፖስተር በዓመት አንዴ ቢመጣልኝ ነው፤ ክፍያውም ከአንድ ጥሩ የሠርግ ሰሞን ገቢ አይበልጥም። ነገር ግን የሠርግ ካርድን የሚያየው የተጠራው ሰው ብቻ ነው። የፌስቲቫል ፖስተርን ፊልም ለማየት ያላሰበውም ሰው ያየዋል፤ ታክሲ የሚጠብቀው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እናት። ስለዚህ ዛሬ ስለ እርሱ ላውራችሁ።

የፊልም ፌስቲቫል ማለት ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ፊልሞች በተወሰኑ ቀኖች ውስጥ የሚታዩበት ዝግጅት ነው። ዳኞች ተቀምጠው የሚሸልሙበት አለ። ውድድር የሌለው፣ ኤምባሲዎችና የባህል ማዕከሎች የአገራቸውን ፊልም ይዘው ለከተማው ሰው የሚያሳዩበትም አለ፤ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራላቸው እንዲህ ያሉትን ነው። የአንድ ፊልም ፖስተር መንገዱ ግልጽ ነው፤ ዋናዎቹን ተዋንያን ያስቀምጣል፣ ርዕሱን ይጽፋል፣ ይሸጣል። የፌስቲቫል ፖስተር ግን የሚሸጠው አንድ ፊልም የለውም። ሃያ ሠላሳ ፊልም ነው ያለው፤ አንዱ ያስቃል፣ አንዱ ያስለቅሳል፣ አንዱ ደግሞ ለሠሪው ራሱም በደንብ የገባው አይመስልም። ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ ምስል መፈለግ ነው የእኛ ሥራ። ዲዛይነር ሲጨንቀው ወዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፤ ወደ ቆንጆ ሴት ነው የሚሄደው።

ይህ በጣም ጎልቶ የሚታየው በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ባለችው በካን ከተማ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። የካን ፌስቲቫል ሊከፈት የታሰበው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ነበር። ዣን ገብርኤል ዶመርግ የሚባል ሠዓሊ ፖስተሩን ሠርቶ ነበር። በዚያው ዕለት የጀርመን ጦር ፖላንድ ገባ፤ ፌስቲቫሉም ቀረ። የመጀመሪያው ፌስቲቫል የተካሄደው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 ነው። ድግሱ ቀርቶ የጥሪ ወረቀቱ ተረፈ ማለት ነው፤ ያ ፖስተር ዛሬም አለ። የወረቀት ዕድሜ ከዝግጅቱ እንደሚረዝም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በቅርብ ዓመታት ካን ፖስተሩን የሚሠራው ብዙ ጊዜ በታዋቂ የፊልም ሰዎች ፎቶግራፍ ነው። በ2010 ዡልየት ቢኖሽ፣ በ2011 ፌይ ዳናዌይ፣ በ2012 ማሪሊን ሞንሮ ነበሩ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሴት። የ2012ቱ ፌስቲቫል 65ኛው ነበር፤ ማሪሊን ከሞተች 50 ዓመት የሞላበት ጊዜ ነው፤ ፖስተሩ ላይ የልደት ሻማ እፍ ስትል ትታያለች። ምስሉ ያምራል፣ አልዋሽም። በዚያ ዓመት ለዋናው ሽልማት የተወዳደሩት ፊልሞች 22 ነበሩ። ሃያ ሁለቱንም የሠሩት ወንዶች ናቸው። የፈረንሳይ ሴቶች በአደባባይ ተቃወሙ። ሻማውን የምታጠፋው ሴት፣ ኬኩን የሚቆርሱት ወንዶች።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ 70ኛው ፌስቲቫል መጣ። ፖስተሩ ቀይና ወርቃማ ነው፤ መካከሉ ላይ ቱኒስ ተወልዳ ያደገችው ጣሊያናዊቷ ተዋናይት ክላውዲያ ካርዲናሌ ቀሚሷን እያውለበለበች ትሽከረከራለች። ፎቶግራፉ በ1959 ሮም ውስጥ፣ ጣራ ላይ የተነሣ ነው። ፖስተሩ እንደወጣ ሰዎች ዋናውን ፎቶ ፈልገው ጎን ለጎን አስቀመጡት። ወገቧ ቀጥኗል፤ ጭኗም ቀጥኗል። ልብ በሉ፤ ከመጀመሪያውም ዓለም ቆንጆ ያላት ሴት ናት፤ እሷም አልበቃችም። ትልቅ ጭቅጭቅ ሆነ። ካርዲናሌ ራሷ መልስ ሰጠች፤ የተነካካው ቀለል ያለች፣ የሕልም ሰው እንድመስል ነው፣ ለሴቶች መብት የምቆረቆር ብሆንም በዚህ ሴትን መድፈር አይታየኝም፣ የሚል ነበር መልእክቷ።

አካሉ የእሷ ነው፤ ካልከፋት እኔ በእሷ ፈንታ አልከፋም። ያም ሆኖ ሥራዬ ስለሆነ ነገሩ እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ። ማንም መጥቶ «ወገቧን ቁረጪ» አይልም። «ትንሽ ቀለል በይልን» ነው የሚባለው። ማውሱን ይዛችሁ ወደ ውስጥ ትንሽ ትገፋላችሁ፤ ከዚያ ሌላኛው ጎን ያልተስተካከለ ይመስላችኋል፤ እሱንም ትገፋላችሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔም ዘንድ «ሙሽሪትን ትንሽ ቀላ አድርጊልኝ» የምትል አማት በየዓመቱ ትመጣለች። የእኔ ደንብ አንድ ነው፤ ሙሽሪት ራሷ ካልጠየቀችኝ አልነካም። አማቶች አይወዱኝም፤ ደንበኛም ያሳጣኛል። ግን በሠርጓ ዕለት ካርዱን አይታ «ይህች ማን ናት?» ያለች ሙሽራ እስካሁን አልገጠመችኝም።

አሁን የምወደውን ፖስተር ልንገራችሁ፤ የ2019ኙን የካን ፖስተር። አንያስ ቫርዳ የምትባለው ፈረንሳያዊት ዳይሬክተር በዚያ ዓመት ማርች 29 በ90 ዓመቷ ዐረፈች። ብዙም ሳይቆይ ፖስተሩ ወጣ። የ1954 ምስል ነው፤ ቫርዳ 26 ዓመቷ ሳለ ሴት በምትባል የወደብ ከተማ የመጀመሪያ ፊልሟን ስትቀርጽ። የከተማዋ ስም ነው እንጂ ቀልድ አይደለም። ካሜራው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተተክሏል፤ ቫርዳ ደግሞ አጭር ናት። ምን አደረገች? አንድ የካሜራ ሠራተኛ አጎንብሶላት ጀርባው ላይ ወጥታ ቆመች፤ ዓይኗንም ካሜራው ላይ ደገነች። ፍሎር ማከን የምትባል ወጣት አርቲስት ያንን ፎቶ ወስዳ ሰማዩን በሙሉ ብርቱካናማ አደረገችው፤ ከበታች ባሕር አለ። (ሳቃችሁን ሰምቻለሁ። አዎ፣ ወንድ ጀርባ ላይ ነው የቆመችው።)

ስለ ቀለሙ ብዙ ማለት እችላለሁ፤ የፀሐይዋ ቢጫ ወደ ቀይ እንዴት እንደሚሸጋገር፣ ለጽሑፉ ባዶ ቦታ እንዴት እንደተረፈለት። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን የሴትየዋን ትንሽነት ነው። ወረቀቱ ትልቅ፣ ሰማዩ ትልቅ፣ እሷ ከላይ እንደ ወፍ ትንሽ። ፊቷ አይታይም። መንገደኛው ሲያያት ስለ ወገቧ አያስብም፤ «ይህች ሴት ምን እያየች ነው?» ይላል። ከማሪሊንና ከካርዲናሌ ፖስተር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ የሚታዩ ናቸው፤ ቫርዳ ታያለች። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2018፣ ይህችው ቫርዳ ከሌሎች ጋር ሆና 82 ሴቶች በካን ቀይ ምንጣፍ ደረጃ ላይ በሰልፍ ሲቆሙ ነበረች። ቁጥሩ የተመረጠው ከ1946 ጀምሮ በዋናው ውድድር የገቡ የሴቶች ፊልሞች ያን ያህል ብቻ ስለነበሩ ነው። የካንን ዋና ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን፣ በፊልማቸው እስከ 2023 የወሰዱ ሴት ዳይሬክተሮች ሦስት ናቸው፤ ጄን ካምፒዮን በ1993፣ ዡልያ ዱኩርኖ በ2021፣ ዡስቲን ትሪዬ በ2023።

ኢትዮጵያም ካን ደርሳለች። በ2015 የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ የሚተርከው ፊልም፣ ከዋናው ውድድር ጎን ባለው ክፍል ታየ፤ ለፌስቲቫሉ ይፋዊ ዝርዝር የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። የዚያ ዓመት ፖስተር ላይ ኢንግሪድ በርግማን ነበረች፤ ነጭ ጀርባ ላይ ፈገግ ያለች። ምንም ያልተጨነቀ፣ ጥሩ ፖስተር ነው።

ፈረንሳይን ብቻ እንዳንወቅስ ወደ አህጉራችን እንምጣ። ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ውስጥ በ1969 የተጀመረው ፌስፓኮ የአፍሪካ ትልቁ የፊልም ፌስቲቫል ነው። የመጀመሪያውን ዝግጅት ኮሚቴ የመራችው ሴት ናት፤ አሊማታ ሳላምቤሬ ትባላለች። የፌስቲቫሉ ዋና ሽልማት ደግሞ የየነንጋ ፈረስ ይባላል። የነንጋ በሞሲ ሕዝብ ታሪክ ፈረስ ጋልባ የተዋጋች ልዕልት፣ የሕዝቡ እናት ናት። እኛ ጣይቱን እንደምናነሣት እነርሱ የነንጋን ያነሣሉ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የወርቁን ፈረስ የወሰደው በ2009 ነው። ምልክቱ ሴት፣ ፈረሱም የሴት፤ ሆኖም እስከ 2025ቱ ፌስቲቫል ድረስ የወርቁን ፈረስ ወደ ቤቷ የወሰደች ሴት ዳይሬክተር የለችም። በ2023 የቡርኪናዋ አፖሊን ትራኦሬ «ሲራ» በተባለው ፊልሟ የብሩን ወስዳለች።

የበርሊን ፌስቲቫል ምልክት ድብ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ያንን ድብ የቀረጸችው ረኔ ዚንተኒስ የምትባል ሴት መሆኗን ነው። ፌስቲቫሉ በ1951 ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት የሠራችው ቅርጽ ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የአይሁድ ዘር አለባት ብለው በ1934 ከፕሩሲያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አስወጥተዋታል። የእኛው «ድፍረት»፣ በጠለፋ የተወሰደችን ልጅና የቆመችላትን ሴት ጠበቃ የሚያሳየው የዘረሰናይ ብርሃነ ፊልም፣ በ2014 እዚያው በርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ከአንዱ ክፍል አግኝቷል።

እንግዲህ ወደ እኔ ጠረጴዛ ልምጣ። ፌስቲቫሉ አዲስ አበባ ሲመጣ ከምስሉ በፊት የሚያስቸግረኝ ፊደሉ ነው። ጽሑፉ የሚመጣልኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው ከታች፣ ጥግ ላይ፣ በትንሹ እንዲገባ ይፈለጋል። የላቲን ትልልቅ ፊደሎች ሁሉም እኩል ቁመት አላቸው፤ እንደ አጥር ይደረደራሉ። የእኛ ፊደል እግር አለው፣ ክንፍ አለው፣ ቀለበት አለው። ያንን አሳንሳችሁ ብታትሙት ከመንገድ ማዶ «ቡ» እና «ቢ» አይለዩም። ሰፊ ቦታ እንዲሞላ ወደ ጎን ብትለጥጡት ደግሞ ቋሚው ይወፍርና አግዳሚው ይሰልላል፤ ሪኬትስ እንደያዘው ልጅ እግሩ ይንጋደዳል። ስለዚህ ክርክሬ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አማርኛው እኩል ቦታ ይሰጠው። ይህ የኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተጠራው ማን ነው? እንግሊዝኛ የሚያነበው አስቀድሞ ኢሜይል ደርሶታል። ግድግዳው የሚያስፈልገው ኢሜይል ላልደረሰው ሰው ነው።

ርዕስ መተርጎምም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የዡስቲን ትሪዬ ፊልም ስለ አንድ ከቤቱ ከፍታ ወድቆ ስለሞተ ሰውና ስለ ተጠረጠረችው ሚስቱ ነው። ርዕሱን «የአንድ ውድቀት ምርመራ» ብትሉት አማርኛ አንባቢ የመንግሥት ውድቀት ወይም የፈተና ውድቀት ይመስለዋል። «አወዳደቅ» ብትሉት ነው ሰውየው ከላይ የሚወድቀው።

ከዚያ ቀኑ አለ። ኖቬምበር 20 በእኛ ኅዳር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ባለፈችበት ዓመት ግን ኅዳር 10 ይሆናል። ይህን ያላወቀ ፖስተር ሕዝቡን በአንድ ቀን ያሳልፈዋል። ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። በእነርሱ ሰባት ሰዓት ምሽት ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ፖስተሩ ላይ «7» ብቻ ከተጻፈ ከምሳ በኋላ ሥራ አስፈቅዳ የምትመጣና የተዘጋ በር የምታገኝ ሴት አትጠፋም፤ የትራንስፖርቱንም ማንም አይመልስላትም። እኔ ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ የአማርኛውን ሰዓት በአማርኛው መስመር፣ የእንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛው መስመር፣ ሳይደባለቁ።

የመጨረሻው የቋንቋ ነገር ጥሪው ራሱ ነው። እንግሊዝኛው «ኑ» ሲል ወንድ ሴት አይለይም። እኛ ዘንድ «ና» ካልሁ ሴቷ ቀረች፤ «ነይ» ካልሁ ወንዱ ግራ ገባው። «እንዳያመልጥህ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ቁጠሩ እስቲ፤ ማን ነው ያ «አንተ»? «እንዳያመልጥዎ» ጨዋ ነው፤ ግን የባንክ ማስታወቂያ ይመስለኛል። አንድ ዓመት ላይ መላ አገኘሁ። «ኑ» ብዬ አንዲቷን ፊደል የወረቀቱን ግማሽ ያህል አድርጌ ሠራኋት። አንድ ፊደል ናት፤ ሁሉንም ትጠራለች፤ ከአውቶቡስ መስኮትም ትነበባለች። የአዘጋጆቹ ተወካይ «ይህ ሁሉ ቦታ ለአንድ ፊደል?» አለኝ። ትርጉሙን ስነግረው ዝም ብሎ ፊርማውን አኖረ።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። አንድ ሌላ ፌስቲቫል ነበር፤ ስሙን አልጠራም። የሚፈልጉትን በጽሑፍ ላኩልኝ፤ እንስራ ያዘለች ቆንጆ የገጠር ልጅ፣ ከኋላዋ የፊልም ጥቅል። «ከምታሳዩዋቸው ፊልሞች ውስጥ እንስራ ያዘለች አለች?» አልኋቸው። የለችም። «ፊልሙን የሚያዩት የከተማ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ውኃ የሚቀዳው ከቦኖ፣ በቢጫ ጄሪካን ነው» አልሁ። ሳቁ፤ ግን ሐሳባቸውን አልለወጡም። ቅድሚያ ክፍያውን ገና አልተቀበልሁም፤ የዚያ ወር የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያም ደርሶ ነበር። እንስራዋን ሠርቼ ገንዘቡን ብወስድ ማንም አይፈርድብኝም ነበር። እምቢ ከማለት ይልቅ ሦስት ንድፍ ይዤ ሄድሁ። አንዱ ትኬት የሚሸጥበት ትንሽ መስኮትና የሚዘረጋ እጅ ነው። ሁለተኛው ፊልም የምታጫውት ሴት ናት። ሦስተኛው ነጠላ ደርባ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠች፣ ከፊት ለፊቷ የሚመጣው ብርሃን ፊቷን በጎን ያበራላት ተመልካች ሴት ናት። ሦስተኛውን ወሰዱ። ምክንያታቸው እሷም ቆንጆ ልትሆን ትችላለች የሚል እንደነበር ይገባኛል። ይሁን።

ለፎቶው የምትቀመጥ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ ከማኅበራችን አንዲት እህታችንን ጠየቅሁ። ሞዴል አይደለችም፤ እንደ ብዙዎቻችሁ እንጀራ ጋግራ የምታድር ሴት ናት። ወዲያው እሺ አላለችም። ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ። የት የት ይለጠፋል? እስከ መቼ? ሲያበቃስ የት ይሄዳል? ከዚያም እንዲህ አለች፦ «ዕቁብተኞቼ ቢያዩኝ ደስ ይለኛል። ያከራየችኝ ሴትዮ ግን ግድግዳ ላይ ብታየኝ ገንዘብ አገኘች ብላ ኪራይ ትጨምርብኛለች።»

እውነቴን ነው፣ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ስቆይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። ስለ ካርዲናሌ ፎቶ የተሰጠው መልስ ሁሉ የዚህችን ሴት ጥያቄ አይመልስም። እሷን ያስጨነቃት ወገቧ አልነበረም፤ ኪራይዋ ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብለን በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፍን። ክፍያዋ ከእኔ ሒሳብ ተለይቶ ለራሷ ይከፈላል። ስሟ አይጻፍም። ፖስተሩ እሷ በምትኖርበት ሰፈር አይለጠፍም። ከመታተሙ በፊት ታየዋለች። ፌስቲቫሉ ሲያበቃ ይነሣል፤ ለሌላ ነገር ሊጠቀሙበት ከፈለጉ እንደገና ይጠይቋታል፤ እሷም እምቢ ማለት ትችላለች።

አዘጋጆቹ ወረቀቱን ሲያዩ ተከፉ። «ለአንድ ፎቶ ይህ ሁሉ?» አሉ። ማተሚያ ቤቱ ወረፋ ይዞልናል፤ ቀኑ እየተቃረበ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ስልክ ሳይደውሉልኝ ቆዩ፤ ሥራው ከእጄ ወጣ ብዬ የሠርግ ካርዴን ወደ መቁረጥ ተመልሼ ነበር። በስምንተኛው ቀን ፈርመው ላኩት።

ፎቶውን ያነሣነው እኔ ቤት ነው። የሲኒማውን ብርሃን የሠራነው በአንድ አምፖልና ግድግዳ ላይ በወጠርነው ነጭ አንሶላ ነው፤ አምፖሉን ወደ አንሶላው አዙረን ነጸብራቁ ብቻ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች አልሆኑም፤ ለመታወቂያ እንደምትነሣ ሰው ተገትራለች። በኋላ ላፕቶፑ ላይ አንድ አስቂኝ ድራማ ከፈትሁላትና እኔ ወደ ጥግ ሄድሁ። ካሜራውን ረስታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የሳቀችበትን አንዷን ወሰድሁ። ወገብ አልቀነስሁም፣ ፊቷንም አላቀላሁም። የእሳት ጠባሳ እጇ ላይ ነበር፤ እሱን ላጥፋልሽ ወይስ ልተወው ብዬ ጠየቅኋት። «ተዪው፣ የሥራዬ ነው» አለች።

በሚቀጥለው ዓመት አዘጋጆቹ ያንኑ ምስል ቲሸርት ላይ ለማተም ፈለጉ። ወረቀቱ ስለነበረ ጠየቋት። «ሰው ላብ የሚያልብበት ላይ አልሆንም» ብላ መለሰች፤ በዚያው ቀረ።

ደጋፊዎቻችን፣ የሚቀጥለውን በፍቅር ስሙኝ። ዓመታዊ ሪፖርት ፎቶ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ማየት አለበት። አንዳንዶቹን ሪፖርቶች ዲዛይን የማደርገውም እኔ ነኝ። ከእኛ መካከል ስታለቅስ የተነሣች አለች። ያን ጊዜ ታማ ነበር፤ ዛሬ ሱቅ አላት። ምስሏ ግን አሁንም ያለቅሳል፤ ልጇም ሰው ስልክ ላይ አይቶታል። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ የ1939ኙ ወረቀት ነገር ይኸው ነው። ፌስቲቫሉ ሲቀር ፖስተሩ አልቀረም፤ ችግሩም ሲያልፍ ፎቶው አያልፍም። ያቺ እንጀራ ጋጋሪ ያስጻፈችውን ገጽ ለማኅበራችንም እንድንጠቀምበት ለሥራ አመራር ኮሚቴው አቅርቤአለሁ፤ ኮሚቴውም ተቀብሎታል። አምስት መስመር ነው። ማንበብ ለማትችል እህት ጸሐፊያችን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላታለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ጣት የሚነከረው። ከዚህ ቀደም በተነሡት ፎቶዎችም ቢሆን፣ ከሰኞ ጀምሮ ጽሕፈት ቤት መጥታችሁ አልበሙን አገላብጡ፤ ከእንግዲህ እንዳይወጣ የምትፈልጉትን ምልክት አድርጉበት። ምክንያት የሚጠይቃችሁ የለም።

ቡናው እየደረሰ ስለሆነ ላብቃ። የካኖቹን ፖስተሮች ከበሩ አጠገብ ለጥፌአቸዋለሁ፤ ቀለም ስለተወደደ በትንሹ ነው ያተምኋቸው፣ ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው። የእህታችንን ፖስተር ግን አላመጣሁትም፤ በወረቀቱ መሠረት ጊዜው አልፏል። እሷ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለች። የትኛዋ እንደሆነች እንድናገር አልፈቀደችልኝም።